በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ያጠመድንበት ቀን

ዓሣ ማጥመድ ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። እኛም ዘንግና መንጠቆ የያዘ ሰው ዕድሉ ከቀናው ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚመለስ እንጂ፣ እየለካ መልሶ ወደ ውኃ የሚለቅ አይመስለንም ነበር። ይህን አሳባችንን ያስለወጠን በ2017 ዓመተ ምሕረት የመስቀል በዓል በዋለ ማግሥት፣ ይኸውም መስከረም 18 ቀን ቅዳሜ፣ በአሜሪካ አገር በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የዋልነው ውሎ ነው። ያየነውንና የሰማነውን፣ የቤት እመቤቶችንም የሚጠቅመውን የዓሣ አጸዳድ ጭምር፣ ለአንባቦቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በዋሺንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሠርተው ልጅ ወልደው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እኛም ያረፍነው ከነዚሁ ከአንዱ ወዳጃችን ቤት ነበር። እናቱ በፎገራ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ እኛም እንደ ቤተ ሰቡ «እማማ» እያልን እንጠራቸው ነበር። ወዳጃችን የመስቀልን በዓል ምክንያት አድርጎ ለእሑድ እንግዶች ጠርቶ ስለ ነበር፣ እማማ «ሥጋውንስ ሁሉም ያበላል፤ እኔ እንደ አገሬ የዓሣ ወጥ ሠርቼ አበላቸዋለሁ» ብለው ቃል ገብተው ነበር። ዓሣውን ከገበያ መግዛት ባላስቸገረም፤ ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው በገዛ እጇ ለማጥመድ አጥብቃ ስለ ለመነች፣ አራታችን፣ ማለት እማማ፣ ወዳጃችን፣ ልጂቱና እኛ፣ ገና ሳይነጋ በመኪና ተነሣን።

የሄድነው ከዋሺንግተን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ አናፖሊስ ከተማ ነው። አናፖሊስ የሜሪላንድ ዋና ከተማ ናት። ጄኔራል ጆርጅ ዋሺንግተን ጦርነቱ ከተፈጸመ በኋላ የጦር አዛዥነት ሹመታቸውን ለእንደራሴዎች ጉባኤ የመለሱት በ1783 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ባለው የመንግሥት ቤት ውስጥ ነው። (ይህና ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወደቡ ላይ ስንደርስ ጎሕ ቀዶ፣ ውኃው እንደ ብርጭቆ ተኝቶ ነበር።

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከሰሜን ወደ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአንድ ወገን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጨው ውኃ ሲገባበት፣ በሌላው ወገን ታላላቅ ወንዞች ጣፋጭ ውኃ ያፈሱበታል። ስፋቱን ላየው ሰው ጥልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር ተኩል የሚበልጥ አይደለም። ከአናፖሊስ አቅራቢያ አንዱ በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 ዓ.ም. የተከፈቱ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ሆነው ይሻገሩታል፤ ርዝመታቸውም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓሦች በድልድዮቹ ምሰሶዎች ሥር መጠጋት ስለሚወዱ፣ ባለ ጀልባው ሽማግሌ መጀመሪያ የወሰዱን ወደዚያው ነበር። እኒህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምረው በዚህ ውኃ ላይ የኖሩ ናቸው፤ ቋንቋቸውን ወዳጃችን ያስተረጉምልን ነበር።

ጀልባዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ባለ ጀልባው ቁጥር የተጻፈበት አንድ ሳንቃ አውጥተው በመካከላችን አኖሩ። «ዛሬ ዳኛችን ይህ ነው» አሉ። የምንፈልገው ዓሣ በእንግሊዝኛ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ነው፤ ጎኑ ብርማ ሆኖ ከራሱ እስከ ጭራው ጥቋቁር መስመር ስለ ተሰመረበት ነው እንደዚህ የተባለው። የአገሩ ሰዎች ግን ሮክፊሽ ይሉታል፤ ሜሪላንድም ከ1965 ዓ.ም. ጀምራ የክፍለ አገሯ ምልክት አድርጋዋለች። በዚያ ዓመት፣ በ2024፣ በባሕረ ሰላጤው ላይ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው የተወሰነለት በቀን አንድ ሮክፊሽ ብቻ ነበር። እርሱም ርዝመቱ ከ19 ኢንች ያላነሰ ከ24 ኢንች ያልበለጠ፣ ማለት ከ48 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መሆን ነበረበት። የሚለካውም አፉ ተዘግቶ፣ የጭራው ሁለት ጫፍ ተጨምቆ፣ በሳንቃው ላይ ቀጥ ብሎ ተጋድሞ ነው።

እማማ ይህን በሰሙ ጊዜ ጣታቸውን ቆጥረው «አራት ሰው፣ አራት ዓሣ! ለእንግዶቹ ሁሉ?» አሉ። ወዳጃችንም «እማማ፣ አራቱንም ካገኘን ነው» አላቸው።

ባለ ጀልባው ለእያንዳንዳችን ዘንግ ሰጡን። መንጠቆው እንደ ተለመደው ሳይሆን ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ፣ ክብ የመሰለ ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቅ፣ እንደዚህ ያለው መንጠቆ ዓሣው ቢውጠው እንኳ ሆዱን ሳይወጋ ተንሸራቶ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በማባበያ ለሚያጠምድ ሰው ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቁ ጠረፍ ሁሉ ግዴታ ሆኗል ብለው አስረዱን።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆየን የልጂቱ ዘንግ እስኪጎብጥ ድረስ ተሳበ። አባቷ ከኋላዋ ሆኖ ወገቧን ይዞ፣ እርሷ እየጮኸች፣ ገመዱን ጠቅልላ ዓሣውን አወጣች። እኛ ከዚያ በፊት እንደዚህ ያለ የሚያምር ዓሣ አይተን አናውቅም። ባለ ጀልባው እጃቸውን በውኃ አርሰው ያዙትና በሳንቃው ላይ አጋደሙት፤ 26 ኢንች ሆነ። ከዚያም ለፎቶግራፍ ያህል እንኳ ብዙ ሳያቆዩ፣ ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው ራሱን ወደ ፊት ይዘው ጥቂት ካንሸራሸሩት በኋላ ለቀቁት። ዓሣው ጭራውን አንድ ጊዜ መትቶ ጠፋ።

የልጂቱ ዓይን እንባ ሞላ። «ትንሹ እንዲመለስ ይገባኛል፤ ትልቁ ግን ለምን?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የእኛም ጥያቄ ነበር። ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱላት፤ «ትልልቆቹ እናቶቹ ናቸው። በጸደይ ወራት ከባሕር ተነሥተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ በጣፋጭ ውኃም ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ገና የጎለመሰችው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ትጥላለች፤ ያረጀችውና የገዘፈችው ግን ሚሊዮኖች። ከዚያ ሁሉ የሚያድገው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንሹን እንዲያድግ፣ ትልቋን እንድትወልድ እንተዋለን፤ የምንበላው ከመካከል ነው።» ልጂቱም እንባዋን ጠርጋ ዘንጓን እንደ ገና አነሣች።

ቀጥሎ የሆነው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም። በእኛ መንጠቆ አንድ ሮክፊሽ ተያዘ። ክቡ መንጠቆ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይስታልና፣ ይህኛው የተወጋው በጉንጩ ሥር፣ በሚተነፍስበት ቀይ ክፍል ላይ ኖሮ ደም ይፈሰው ነበር። ሲለካ 18 ኢንች ከሦስት ሩብ ሆነ፤ የጎደለው ከጣት ውፍረት ያነሰ ነው። ባለ ጀልባው መንጠቆውን በጥንቃቄ አውጥተው መልሰው ለቀቁት፤ ዓሣው ግን ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

እማማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የሞተውን? ሊሞት ያለውን ምግብ ወደ ባሕር መጣል ነውር አይደለም ወይ? እግዚአብሔር የሰጠውን ነገር እኮ ነው የምትጥሉት! ይህስ ለማን ይጠቅማል?» አሉ። ወዳጃችን አፍሮ ለማስተርጐም ቢያመነታም «አስተርጕምልኝ እንጂ!» ብለው ተቈጡ። ልጂቱም አያቷን ደግፋ ባለ ጀልባውን ትመለከት ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አድምጠው ሲጨርሱ «እሜቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ይህኛው ዓሣ ጠፍቷል፤ ከእርስዎ ጋራ አልከራከርም» አሉ። «ነገር ግን የሚሞተውን መውሰድ ይፈቀድ ቢባል፣ በዚህ ባሕር ላይ በሰው እጅ የማይሞት ዓሣ ይገኛል ብለው ያስባሉ? መንጠቆውን በኀይል የሚነቅል፣ ዓሣውን ፀሐይ ላይ አቆይቶ ሞተብኝ የሚል ስንቱ ነው! ሕጉ የዓሣውን ሞት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሊቃውንቱ ሒሳቡን ሲሠሩ፣ ተመልሰው ከሚለቀቁት ከመቶ ዘጠኙ እንደሚሞቱ ገምተው ከተያዘው ጋራ ይደምሩታል። ከእኛ የሚፈለገው ዘጠኙን ለማሳነስ መትጋት ነው፤ እጅን ማርጠብ፣ መፍጠን፣ ውኃው በሚሞቅበት ቀን መተው።» ይህን ሲናገሩ አንድ የባሕር ወፍ ወርዶ ተንሳፋፊውን ዓሣ መንጠር ጀመረ። እማማ ፊታቸውን ወደ ሌላ ወገን መለሱ፤ አልረኩም ነበር። እኛም መልሱ ትክክል መሆኑን ብናውቅም ልባችን አልረካም።

ሽማግሌው ጀልባዋን እየነዱ ያለፈውን ታሪክ ነገሩን። በአትላንቲክ ጠረፍ ከሚኖረው ሮክፊሽ አብዛኛው የሚፈለፈለው በዚሁ በቼሳፒክ ወንዞች ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ልክ በመጠመዱ፣ ጫጩቶቹም በወንዞቹ ማደግ ስላቃታቸው፣ ዓሣው ሊጠፋ ደረሰ። በ1984 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በስምምነት የወጣውን ዕቅድ የማይፈጽም ክፍለ አገር ቢኖር ማጥመዱ እንዲዘጋበት ሕግ አወጣ። ሜሪላንድ በጥር 1985 ሮክፊሽ ማጥመድን በፍጹም ከለከለች፤ ቨርጂኒያም በ1989 ተከተለች። ባለ ጀልባዎችና መረበኞች ኑሯቸው ተቃወሰ። ነገር ግን ዓሣው ተመለሰ፤ በ1990 ማጥመዱ በልክ ተከፈተ፤ በ1995 ዓ.ም. ዘሩ ዳነ ተብሎ ተነገረ።

«ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር» አሉ ሽማግሌው። በ2019 የወጣው ምርመራ ዓሣው እንደ ገና መመናመኑን ገለጠ። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምራ በየበጋው በወንዞቹ ዳርቻ መረብ እየጎተተች የዓመቱን ጫጩት ታስቈጥራለች። በአንድ ጉተታ የሚገኘው የብዙ ዘመን አማካይ 11 ያህል ሲሆን፣ በ2023 የተገኘው አንድ ብቻ፣ በ2024 ሁለት ነው። የመጠኑ መጥበብ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ረፋድ ላይ እማማ ራሳቸው 22 ኢንች የሆነ ሮክፊሽ አወጡ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተገኘም። እማማ ወዲያው ቢላዋ ጠይቀው ሆዱን ሊቀዱት ሲሉ፣ ባለ ጀልባው በትሕትና ከለከሏቸው። መጠን የተወሰነለት ዓሣ በውኃ ላይ ሳለ አይቈረጥም፤ ራሱና ጭራው ከሌለ የሚቈጣጠረው ሰው ርዝመቱን በምን ያውቃል? ስለዚህ እንዳለ በረዶ ውስጥ ተቀበረ።

ለእንግዶቹ የሚበቃ ዓሣ አለማግኘታችንን አይተው፣ ሽማግሌው ወደ ቼስተር ወንዝ አፍ ወሰዱን። በዚያ የሚገኘው ብሉ ካትፊሽ የሚባለው፣ በአገራችን አምባዛ ከምንለው ጋራ የሚመሳሰል፣ ሪዛም ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ለቼሳፒክ እንግዳ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በቨርጂኒያ ወንዞች ለአጥማጆች መዝናኛ ተብሎ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ተራብቶ የአገሩን ዓሣና ሸርጣን የሚበላ ሆነ። ስለዚህ በሜሪላንድ የቁጥርም የርዝመትም ገደብ የለበትም፤ እንዲያውም ሰው አጥምዶ እንዲበላው መንግሥት ይመክራል። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ሰባት አወጣን፤ ልጂቱ ብቻዋን ሦስት ያዘች። እማማ ግን ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበሉምና «ሠርቼ አበላችኋለሁ፤ እኔ ግን ያቺን አንዷን እቀምሳለሁ» አሉ።

ማታ በቤት ጓሮ ዓሣው ሲጸዳ እማማ ልጂቱን አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሯት። እኛም ለቤት እመቤቶች እንዲጠቅም ቅደም ተከተሉን ጻፍነው። ቅርፊት ያለው ዓሣ ጭራው ተይዞ፣ በቢላዋ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ይፋቃል፤ ቅርፊቱ እንዳይፈናጠር ውኃ ውስጥ ነክሮ መፋቅ ይሻላል። ከዚያ ቢላዋው ጥልቅ ሳይገባ ከሆዱ መጨረሻ እስከ ጉሮሮው ይቀደዳል፤ ሐሞቱ ከፈነዳ ሥጋውን ያመርረዋልና ሆድ ዕቃው ተጠንቅቆ በአንድነት ይወጣል። ከጉንጩ ሥር ያለው ቀዩ ክፍልና በጀርባ አጥንቱ ላይ የተጋገረው ደም ተፍቆ ይጣላል፤ ዓሣን ቶሎ የሚያሸትተው ይኸው ነው። ካትፊሽ ደግሞ በጎኑና በጀርባው ላይ እንደ ወስፌ የሚወጋ እሾህ አለበትና በጨርቅ ይያዛል፤ ቆዳውም በራሱ ዙሪያ ተበጥቶ በጉጠት ይገፈፋል።

እማማ የዓሣውን ቆዳና ስብ ለወጡ ማጣፈጫ ሊያስቀሩ ሲሉ ወዳጃችን አንድ ነገር ነገራቸው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ ከቀድሞ ፋብሪካዎች የቀረ መርዛም ቅመም አለ፤ እርሱም በዓሣው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቆዳው፣ የሆዱ ስብና በጎኑ መካከል ያለው ጠቆር ያለ ሥጋ ተቈርጦ ይጣላል፤ ከግዙፉም ታናሹን ካትፊሽ መብላት ይሻላል። በወር ስንት ጊዜ መበላት እንዳለበት መንግሥቱ ለየውኃው በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ቁጥሩ ያንሳል። ሥራው ሲያልቅ ቢላዋውና መክተፊያው በፍል ውኃና በሳሙና ታጠበ፤ ሥጋውም እስከ ማለዳ በበረዶ ተቀመጠ።

እማማ እጃቸውን እየታጠቡ ሳሉ፣ ከቀትር ጀምረው ዝም ያሉበትን ነገር አነሡ። «በእኛ አገር በሐምሌና በነሐሴ ጉማራ ሲሞላ፣ ዓሣው ከጣና ተነሥቶ ሽቅብ ይመጣ ነበር። ሕፃን ሆነን ወንዙ አፍ ላይ ቅርጫት ይዘን እንቆማለን። ሰዎችም ብርብራ ወቅጠው ውኃው ላይ ይበትናሉ፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትንሹም ትልቁም። ሆዱን ስንቀደው ዕንቁላል ሞልቶት እናገኘዋለን፤ ዕንቁላሉንም ጠብሰን እንበላለን። ስጦታ ነው እንል ነበር። እናቶቹ መሆናቸውን የነገረን የለም» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «አሁን ወንዙ እንደ ዱሮው አይደለም ይሉኛል» ሲሉ ጨመሩ።

እማማ የተናገሩት እውነት ነው። በጣና የሚኖሩት ትልልቆቹ የባርበስ ወገን ዓሦች ዓይነታቸው ከ15 አያንስም፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም አይገኙም። ከነዚሁ ብዙዎቹ ልክ እንደ ሮክፊሽ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በወንዙ አፍ የሚዘረጋው መረብም በዚያው ጊዜ ይጠብቃቸዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ቁጥራቸው እጅግ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አገራችንም በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በቁጥር 315 አዋጅ አውጥታለች። ስለዚህ በአናፖሊስ የሰማነው ነገር ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም።

በማግሥቱ እሑድ እንግዶቹ መጡ። የካትፊሹ ወጥ በርበሬው ደምቆ ቀረበ፤ እስኪጠግቡም በሉ፤ የተረፈም ነበር። ያቺ አንዲት ሮክፊሽ ግን በትንሽ ሳህን ተጠብሳ ለብቻዋ ቀረበች። እማማ አንድ ቁራሽ ወስደው የቀረውን ለእንግዶቹ ሁሉ በጣት በጣት አካፈሉ፤ ለልጅ ልጃቸውም አጎረሷት። ልጂቱ ጉርሻዋን ውጣ «እማማ፣ የእኔዋ ትልቋ አሁን የት ደርሳ ይሆን?» አለቻቸው። እማማም «በጸደይ ወንዝ ትወጣለች፤ አንቺም ስታድጊ ልጆቿን ታጠምጃለሽ» አሏት።

አንባብያን ሆይ፣ በአሜሪካ የምትኖሩ ከቤተ ሰባችሁ ጋራ ወደ ውኃ ብትወርዱ፣ ከዘንጉና ከመንጠቆው በፊት የዚያን ዓመትና የዚያን ውኃ ሕግ አንብቡ፤ መጠኑም ወራቱም በየዓመቱ ይለዋወጣልና። ለልጆቻችሁም መለኪያውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ንገሯቸው። እማማ በስተርጅና የሰሙትን ያቺ ሕፃን በዘጠኝ ዓመቷ ሰምታዋለች።